ለባዶ ዕቃ ይሄ ሁሉ ገንዘብ?

ፖርሴሊን፣ ሲኒ የሚሠራበት ነጩ ሸክላ፣ ክፉ አፈር ነው። ሲያዩት ግን አይመስልም። ከላስቲኩ ሲወጣ ነጭ፣ ልስልስ፣ ለጋ ቅቤ የመሰለ ነገር ነው፤ ካልነካሁት ያሰኛል። አብረውት የሚውሉት ሰዎች ግን ስሙ ሲነሳ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ቀዩ ሸክላ ቻይ ነው። ቢጣመም ይቃናል፣ ውሃ ቢበዛበት ይታገሳል፣ ትንሽ ቢቸኩሉበትም አያኮርፍም። ፖርሴሊን ያኮርፋል። ቂመኛም ነው፤ ወደ ቂሙ በኋላ እመጣለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትሠራበት ትንሽ የሴራሚክ ስቱዲዮ አለ። ቤቱ ድሮ ጋራዥ ነበር፣ ወለሉ ላይ እስካሁን የዘይት እድፍ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ትከፍታለች። የፈለገ ይገዛል፣ ያልፈለገ ቆሞ ያያል። እሷም ሰው ገባ ብላ ሥራ አታቋርጥም። በብዛት የምትሠራው የአበባ ማስቀመጫ ነው። ነጭ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ ነካ ያደረገው፣ አንዳንዱ ደግሞ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። አንዱን ገዝቼ ሳሎን አስቀመጥኩ፤ ሁለት መቶ ዶላር አካባቢ ነው ዋጋው። አክስቴ ሊጠይቁን መጥተው አዩት፣ ወደዱት፣ ዋጋውን ጠየቁ። ነገርኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ደኅና ነህ? በዚህ ብር እኮ ሙሉ ሲኒ ከነረከቦቱ ይገዛል! ለባዶ ዕቃ?»

እውነታቸውን ነው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም መልሱን ያገኘሁት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ሳይ ነው።

ጭቃው መጀመሪያ ይታሻል። በደንብ ካልታሸ አንዱ ቦታ ጠጠር፣ ሌላው ለስለስ ይልና የሚሽከረከረው ገበታ ላይ ሲወጣ መደነስ ይጀምራል። ከዚያ መሃል ላይ ታስይዘዋለች። አንድ እጇን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጋ ግድግዳውን ወደ ላይ ትስበዋለች። ውሃ የምትጠቀመው በቁጥብ ነው፤ ፖርሴሊን ውሃ ከጠጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። እስከዚህ ድረስ ለሚያይ ሰው ሁሉም ቀላል ይመስላል። ጉዱ የሚመጣው አንገቱ ላይ ነው። ሆዱ ሰፍቶ አንገቱ እንዲጠብ አፉን በሁለት እጇ ቀለበት ቀስ እያለች ታንቀዋለች። እያጠበበች በሄደች ቁጥር ጭቃው መሄጃ ያጣና መጨማደድ ይጀምራል። አንድ ቀን እያየሁ፣ እዚያ አንገቱ ላይ ለዓይን የማትሞላ ስንጥር የመሰለች እጥፋት ታየች። እኔ ልብ አላልኳትም ነበር። እሷ ገበታውን አቆመች፣ ቀጭን ሽቦ አነሳች፣ ዕቃውን ከአፉ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቀችው። ደነገጥኩ። እሷ እቴ! ጎንበስ ብላ የግድግዳውን ውፍረት ከላይ እስከ ታች አየችና «ታች ላይ ወፍሯል» ብላ ሁለቱንም ግማሽ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ባልዲው ውስጥ ከእሱ በፊት የገቡ ብዙ ነበሩ።

የተረፈው ደግሞ ይደርቃል። ቀስ ብሎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ መድረቅ ይፈልጋል፣ ታችኛው ገና እርጥብ ነው፤ አንዱ ሲሸበሸብ ሌላው እምቢ ካለ ይሰነጠቃል። ደረቅ ሲል፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ተገልብጦ ገበታው ላይ ይወጣና ከሥሩ ይፋቃል። እዚህ ላይ በጣቷ ቂጡን እየመታች ታዳምጣለች። ድምፁ ከፍ እያለ ሲመጣ ወለሉ እየሳሳ ነው ማለት ነው። አንዴ ካለፈ መመለሻ የለውም፣ ይበሳል።

ከዚያ እሳት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለቴ። የመጀመሪያው 1000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ ወጥቶ ግሌዝ ይነከራል፤ ግሌዝ ሲተኮስ መስታወት የሚሆነው ቅብ ነው። ከዚያ እንደገና ይገባል፣ አሁን ወደ 1280 ወይም 1300። አንዴ ሲኒያችሁን ገልብጡና ቂጡን እዩት። ሻካራ፣ ያልተቀባ ክብ መስመር አለ አይደል? ሲኒው ምድጃ ውስጥ የቆመው በዚያ ላይ ነው። እዚያ ግሌዝ ቢነካው ኖሮ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቆ ይቀር ነበር። ስንቴ ቡና ጠጥቼበት አላየሁትም ነበር።

የፖርሴሊን ቂም የሚወጣው በዚህ በሁለተኛው እሳት ነው። ጭቃ ሳለ አንድ ቦታ ጎበጥ ብሎ ከነበረ፣ በእጅ ተቃንቶ ቀጥ ቢልም፣ እሳቱ ውስጥ ያስታውሳል። ቀስ ብሎ ወደ ጎበጠበት ይመለሳል። ሸክላ ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ጭቃውን ከገበታው ሲያነሱ እንኳ ትንፋሻቸውን ውጠው ነው። በዚያ ላይ ይኮማተራል። እንደ አፈሩ ዓይነት ከ12 እስከ 15 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በዚያ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ሙቀት ላይ ዕቃው ይለሰልሳል፤ አንገቱ ትንሽ ካዘመመ የባሰ ያዘማል። ግን ያ መለስለስ ነው ፖርሴሊንን ፖርሴሊን የሚያደርገው። በውስጡ ያለው ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ቀልጦ ክፍተቱን ሁሉ ይደፍናል። ሲቀዘቅዝ ውሃ የማያስገባ፣ ሲመቱት የሚጮህ፣ ስስ ከሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ይሆናል። በእኛ ጀበና አስቡት። አዲስ ጀበና ካልተሟሸ አይሠራበትም፣ ሰውነቱ ይጠጣል። ፖርሴሊን ማሟሸት አያውቅም። የሚጠጣበት ቀዳዳ የለውም።

ምድጃው ሲከፈት አንድ ጊዜ ነበርኩ። እስኪቀዘቅዝ ከአንድ ቀን በላይ ይጠበቃል፤ ቸኩሎ የከፈተ ሰው ዕቃው እፊቱ ጢው ብሎ ሲሰነጠቅ ይሰማል። የላይኛው መደርደሪያ ሰላም ነበር። መሃል ላይ አንዱ ረጅም ማስቀመጫ አንገቱን ጎረቤቱ ላይ ጥሎ፣ ግሌዛቸው ተያይዞ፣ ሁለቱ አንድ ሆነዋል። ከታች ያለው ደግሞ ከላይ ሲያዩት ምንም የለበትም፣ ገልብጣ ስታየው ወለሉ ላይ እንደ ትል የተጠማዘዘች ስንጥቅ። እሷ ምንም አላለችም። ደህናዎቹን ለብቻ፣ የታመሙትን ለብቻ፣ የሞቱትን ለብቻ ደረደረች።

እንግዲህ የእኔ ማስቀመጫ ዋጋ ላይ የሞቱትም ተቆጥረዋል። ለአክስቴ የሰጠኋቸው መልስ ይሄ ነው፤ «ታዲያ የሷን ስብርባሪ አንተ ልትከፍል ነው?» አሉኝ። አዎ። ሌላ ማን ይክፈል?

ጂንግዴዠን ውስጥ ይህ ጥያቄ በሌላ መንገድ ነበር የሚመለሰው። ደቡብ ቻይና፣ ጂያንግሺ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከሺህ ዓመት በላይ በፖርሴሊን ኖራለች። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር አጠገቧ ነው፣ ተፈጭቶ የሚቀላቀለው ድንጋይም እንደዚሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1712 ፍራንሷ ዣቪዬ ዳንትርኮል የሚባል ፈረንሳዊ ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ቄስ ስለ አሠራሩ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። አንድ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ70 ሰው እጅ ያልፋል ይላል። የአንዱ ሥራ ከአፉ ሥር ያለችውን ቀለበት ማስመር ብቻ ነው። ሌላው አበባውን ይነድፋል፣ ሦስተኛው ቀለሙን ይሞላል። አንዱ ዕቃ ቢሞት፣ ሰባ ሰው መቶ ሌላ ይሠራል፤ ኪሳራው ይበተናል። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን ሁለቱን የዴቪድ ማስቀመጫዎች የሚባሉትን ያየ ሰው ይህች ከተማ ምን ልታወጣ እንደምትችል ያውቃል። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ቁመት፣ ሰማያዊ ዘንዶ በነጭ ላይ፣ አንገታቸው ላይ በ1351 ዣንግ ዌንጂን የሚባል ሰው ለቤተ መቅደስ እንደሰጣቸው ተጽፏል። ዓመቱ ስለተጻፈ ነው የዘመኑን ሌሎች ሰማያዊና ነጭ ዕቃዎች ለመለየት እንደ መለኪያ የሚያገለግሉት።

አውሮፓ ይህን ዕቃ ለብዙ መቶ ዓመት ስትገዛ ኖራ አሠራሩን አታውቅም ነበር። ማወቅ ያልፈለገ ንጉሥ ግን አልነበረም። የጀርመኗ ሳክሶኒ ገዢ ኃያሉ አውጉስጦስ ባሰበት። ወርቅ እሠራለሁ ብሎ ያወራ የነበረውን ዮሐን ፍሪድሪሽ ቦትገርን አሰረው፤ ልጁ ወርቁን ሊያመጣ አልቻለም፣ ቺርንሃውስ ከሚባል ሊቅ ጋር ተጣምሮ ግን በ1708 አካባቢ ፖርሴሊኑን አመጣ። በ1710 የማይሰን ፋብሪካ ተከፈተ። የቦትገር ነገር ያሳዝናል፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። አውጉስጦስ ግን የራሱ ፋብሪካ እያለውም የቻይናው አልወጣለትም። በ1717 ለፕሩሺያ ንጉሥ 600 ፈረሰኛ ወታደር ሰጥቶ 151 የፖርሴሊን ዕቃ ወሰደ። ስድስት መቶ ሰው! ከዕቃዎቹ መካከል ያሉት ትልልቅ ማስቀመጫዎች እስከዛሬ በወታደሮቹ ስም ነው የሚጠሩት። አክስቴ ይህን ስነግራቸው በእኔ ሁለት መቶ ዶላር ትንሽ ተጽናኑ።

ሰባ ሰው ሲቀር፣ ንጉሡም ሲቀር፣ አንድ ሰው ብቻውን ፖርሴሊን ሊሠራ ሲነሳ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ለዚህ ሁሌ የማስባት ሸክላ ሠሪዋ ሉሲ ሪ ናት። ቪየና በ1902 የተወለደች አይሁዳዊት ናት። በ1938 ከናዚዎች ሸሽታ ለንደን ገባች፤ አልቢየን ሚውስ የምትባል መንደር ውስጥ ድሮ ጋጣ ከነበረ ቤት ስቱዲዮ አቋቋመች። እዚያ ማንም አያውቃትም። በጦርነቱ ጊዜ ለእንጀራዋ የልብስ ቁልፍ ትሠራ ነበር፣ የሸክላ ቁልፍ፣ ለፋሽን ቤቶች። አገሩን ለቅቆ፣ ሙያውን ይዞ፣ ከዜሮ የጀመረ ሰው ይህን አይስተውም። ከጦርነቱ በኋላ ፖርሴሊን ጀመረች። ማስቀመጫዎቿ ቀጭን አንገት፣ ከላይ እንደ አበባ የሚከፈት ሰፊ አፍ አላቸው። ብዙ ሰው ሁለቴ የሚተኩሰውን እሷ ግሌዙን ያልተተኮሰው ጭቃ ላይ ቀብታ አንዴ ትተኩሰው ነበር። ድፍረት ነው። እርጥብ ነገር እላዩ ሲቀባ ሊፈርስ ይችላል። እስከ እርጅናዋ ሠርታ በ1995 ሞተች።

ስቱዲዮዋ ውስጥ ለብዙ አስርት ዓመታት አንድ ትልቅ የኮሪያ ማሰሮ ተቀምጦ ነበር። ‹የጨረቃ ማሰሮ› የሚሉት ነው፣ ከጆሰን ነገሥታት ዘመን፣ ነጭ፣ ምንም ስዕል የሌለው። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች በ1935 ሴኡል ገዝቶ አምጥቶት ነው እሷ ጋ የገባው። አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ይህ ማሰሮ ሙሉ ክብ አይደለም። ሆዱ ላይ ወጣ ገባ ይላል። ምክንያቱ ያው ክፉው አፈር ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ድቡልቡል በአንዴ ልሥራ ቢሉ በራሱ ክብደት ይፈርሳል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን ለየብቻ ይሠራና አፍ ለአፍ ይገጠማል። መጋጠሚያው ሆዱ ላይ ይቀራል። እሳቱ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። አሁን ፋሽኑ «ጉድለቱ ነው ውበቱ» ነው። ሱቅ ትገባላችሁ፣ መደርደሪያ ሙሉ ነጭ ማስቀመጫ አለ፣ ሁሉም በእጅ የተሠራ እንዲመስል ጎናቸው ላይ ጎድጎድ ተደርጓል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ሁሉም እዚያው ቦታ፣ እዚያው ልክ ነው የጎደጎዱት። በጀሶ ቅርጽ የወጡ ናቸው። ፈሳሹ ጭቃ ጀሶው ውስጥ ይፈሳል፣ ጀሶው ውሃውን ይመጥጣል፣ ግድግዳው ላይ ስስ ቆዳ ይቀራል፣ የቀረው ይደፋል። አሠራሩ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጥሩ ጥሩ ስቱዲዮዎችም ይጠቀሙበታል። የሚያናድደኝ ጎድጎዱ ነው። የኮሪያው ሰውዬ ሆዱ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ሊያጠፋው የሚችለውን ያህል ታግሏል ብዬ አምናለሁ። የጋራዧ ሴትም ያዘመመ አንገት ባልዲ ውስጥ ነው የምትከተው። እኔ የማውቃቸው ጥሩ ሸክላ ሠሪዎች ይጣመምልኝ ብለው አይሠሩም። የቀረው መጣመም ከትግሉ የተረፈ ነው።

እኛ ቤት የአበባ ማስቀመጫ ቦታው ቡፌ ላይ ነበር። ከሥሩ ዳንቴል፣ ውስጡ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ አቧራው በየዓመት በዓሉ ይታጠባል። የቻይና ዕቃ ነበር፣ እንደ ሁሉም ቤት። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተቆፈረው የመካከለኛው ዘመን ከተማ ከቻይና የመጣ የሸክላ ገል ተገኝቷል። ከሩቅ የመጣውን ቡፌ ላይ እናወጣለን። ጀበናው ግን ከጓዳ አይወጣም፣ ቢወጣም ለቡና ነው፣ ሠሪዋን የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪ እናቶች ገበታ የሚያሽከረክር ሞተር የላቸውም። በእጃቸው ይሠራሉ፣ በእንጨትና በቅጠል ይተኩሳሉ፣ የነሱም እሳት ይገድላል። ልዩነቱ ገበያ ላይ የሞተውን ማንም አይከፍላቸውም፤ ደህናውንም «ቀንሺ» ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ስድቡ ነበረ። አጼ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሳደብ እንዳይኖር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ወጥቶ እንኳ እኔ በልጅነቴ ያን ስድብ ሰምቼዋለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ፣ ከሰው አፍ፣ እንደ ቀልድ።

አክስቴ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን እናት ጀበና አመራረጥ ነገሩኝ። ገበያ ላይ አንስተው በጉልበታቸው መሃል ይዘው በጣታቸው ይመቱታል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይገዛል፣ ዱም ካለ የተደበቀ ስንጥቅ አለው። ጋራዡ ውስጥ ያለችውም ሴት ምድጃውን ስትከፍት እንዲሁ ነው የምታደርገው። ቃል በቃል ያው ነው።

እና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሁለት መቶውን ዶላር ሳታወጡም መንገድ አለ። ብዙ ትናንሽ ስቱዲዮዎች የታመሙትን፣ ማለትም ያልሞቱትን ግን ሙሉ ዋጋ የማያወጡትን፣ ለብቻ መደርደሪያ ላይ በግማሽ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ይሸጣሉ። ጠይቁ፣ አያፍሩበትም። አፉ ትንሽ ያልገጠመ፣ ግሌዙ ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ነጥብ ያለው፣ ነጩ ላይ ከአፈሩ የብረት ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበት፣ ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም፣ ውሰዱ። በጣም ያዘመመ ከሆነ ግን ረጅም አበባ ሲገባበት ይወድቃል፣ እሱን ተዉት። መጀመሪያ ገልብጡት። እግሩን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ጠረጴዛ የሚፍቅ ከሆነ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት፣ ውሃ እያስነኩ፣ ራሳችሁ ልታለሰልሱት ትችላላችሁ። ከዚያ ምቱት። ድምፁን ካላመናችሁት ውሃ ሞልታችሁ ጋዜጣ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ አበባ ግዙለት።